የቻይና የሙዚቃ መሣሪያዎች በሰው አገር

(በአንድ የሙዚቃ ምሽት ላይ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርእሳችን የቻይና ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ናቸው። ግን ቻይና ውስጥ ስላሉት አላወራም። ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ኑሮ ስለጀመሩት ነው የማወራው። ብዙዎቻችሁ ከሳን ፍራንሲስኮ ወይም ከኒው ዮርክ ቻይናታውን (የቻይናውያን ሰፈር) እንድጀምር ጠብቃችሁ ይሆናል። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ኩባ እንሂድ።

ሳንቲያጎ ደ ኩባ በደሴቲቱ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት። በጁላይ ትልቅ ካርኒቫል አላት። በዚያ ሰሞን የየሰፈሩ ሰው ኮንጋ የሚባለውን ጭፈራ ይዞ መንገድ ይወጣል። ከበሮው አይቆጠርም። ብረት የሚቀጠቅጡም አሉ፤ የአሮጌ መኪና የፍሬን ብረት ሳይቀር ይመታል። ከዚህ ሁሉ ጩኸት በላይ ግን አንድ ስል ድምፅ ይወጣል። አንድ ሰው አጭር የእንጨት መለከት እየነፋ ዜማውን ይጀምራል፤ ሕዝቡ በዘፈን ይቀበለዋል። መለከቱን ኮርኔታ ቺና ይሉታል። የቻይናው ሱኦና ነው። ነፊውና ከበሮ መቺዎቹ ግን አብዛኞቹ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ኩባውያን ናቸው።

እንዴት እዚያ ደረሰ? የኩባ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ጉልበት አጥሯቸው ነበር። የባሪያ ንግዱ በእንግሊዝ ጫና እየጠበበ መጣ። ስለዚህ ከ1847 እስከ 1874 ድረስ ከ120 ሺህ በላይ ቻይናውያን በኮንትራት ተጭነው መጡ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የደቡብ ቻይና ሰዎች ነበሩ። ውሉ ለ8 ዓመት ነው። ደሞዙ በወር 4 ፔሶ። በወረቀት ነፃ ሰዎች ነበሩ። በተግባር ግን ከባሮቹ ጎን ነው የሚሠሩት፣ ከባሮቹ ጎን ነው የሚያድሩት። ከዚህ ማኅበረሰብ ጋር ነው ሱኦና ሃቫና የገባው። በ1915 ገደማ ደግሞ ወደ ሳንቲያጎ ተሻገረና ከኮንጋው ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

ሱኦናን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከላይ ቀጭን ሆኖ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ የእንጨት ቧንቧ ነው። ጫፉ ላይ ሰፊ የብረት አፍ አለው። ስምንት ቀዳዳዎች አሉት፤ ሰባቱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ነፊው አፉ ውስጥ የሚያስገባው ከሸምበቆ የተሠራች ትንሽ ድርብ ምላስ ናት። ቻይና ውስጥ የሰርግና የቀብር መሣሪያ ነው። ሜዳ ላይ፣ ሰው በሚጮህበትና በሚያለቅስበት መሀል እንዲሰማ ሆኖ ነው የተሠራው። ቤት ውስጥ ከነፋችሁት ጆሮ ይበሳል። አሁን የሳንቲያጎን ጎዳና አስቡት። በዚያ ሁሉ ከበሮ መሀል ዜማ ማሰማት የሚችል መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ጊታር አይችልም። ሱኦና ይችላል። ሥራ ክፍት ነበር፣ እሱም ያዘው።

የዛሬው ሐሳቤ በሙሉ ይኸው ነው። ስለ ስደተኛ ሙዚቃ ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ናፍቆት ነው የምናወራው። ሰው አገሩን ናፈቀ፣ መሣሪያውን ይዞ ወጣ፣ ለልጁ አስተማረ። ደስ ይላል። ግን መሣሪያ በናፍቆት ብቻ ከአንድ ትውልድ አያልፍም። በሰው አገር የሚቆየው የሚሠራው ነገር ሲኖረው ነው። ሰርግ፣ ቀብር፣ ቲያትር፣ ሰልፍ፣ ወይም ደሞዝ። በየቦታው ይህንን እያየን እንሄዳለን።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። «የቻይና ባህላዊ» የምንላቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ከውጭ የመጡ ናቸው። ሱኦና የቱርኩ ዙርና ዘመድ ነው፤ ከምዕራብ እስያ አቅጣጫ ነው ቻይና የገባው። አራት ክር ያለው ፒፓ በሐር መንገድ በኩል ከመካከለኛው እስያ ከመጣ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። በቀጫጭን የቀርከሃ ዘንግ የሚመታው ያንግቺን ደግሞ የፋርሱ ሳንቱር ልጅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ «ንጹሕ ባህል» ሲያወራ ብትሰሙ ትንሽ ጠርጠር አድርጉ።

አሁን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ። የካሊፎርኒያ ወርቅ በ1848 ተገኘ። በ1852 ከመቶ በላይ አባላት ያሉት የካንቶን ኦፔራ (በዘፈን የሚጫወት የደቡብ ቻይና ቲያትር) ቡድን ከደቡብ ቻይና መጥቶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አሳየ። አራት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው! ከተማዋ ገና በመሠራት ላይ ናት፣ ኦፔራው ግን ደርሷል። ሥራ ስል ይህንን ነው። ወርቅ ቆፋሪው፣ በኋላም የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው፣ ማታ የሚሄድበት ነገር ይፈልጋል። ቲያትሩ ሙዚቀኛ ይቀጥራል። ሙዚቀኛው መሣሪያ ያስመጣል።

የካንቶን ኦፔራ ያለ መሣሪያ አይንቀሳቀስም። ኦርኬስትራው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የክርና የትንፋሽ ነው፤ ዘፋኙን እየተከተለ ይሄዳል። ሌላው የምት ነው፤ ከበሮ፣ ጎንግ፣ ሲምባል፣ የእንጨት መምቻ። መድረኩን የሚመራው ይህ ሁለተኛው ነው። ተዋናዩ ሲገባ፣ ሲቆጣ፣ ሰይፍ ሲመዝ፣ እግሩን ሲያነሳ ምቱ ይነግረዋል። ነጮቹ ጋዜጠኞች ይህ አልገባቸውም። የዘመኑን ጋዜጦች ብታነቡ ስለ ጎንጉ ያልተሳለቀ የለም። ያው፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ሁሉም ነገር ጩኸት ይመስለዋል።

በ1882 አሜሪካ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለች። ሕጉ እስከ 1943 ቆየ። ማኅበረሰቡ አነሰ፣ ሴትም ልጅም ጥቂት ሆነ። ቲያትር ግን በ1920ዎቹ እንደገና አበበ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1924 እና በ1925 ሁለት ትልልቅ የቻይና ቲያትር ቤቶች ተከፈቱ፤ ማንዳሪን እና ግሬት ቻይና ይባላሉ። እርስ በርስ ተመልካች ይሻሙ ነበር። በዚህ ዘመን ኦርኬስትራው ውስጥ ምን እንዳለ ብታዩ ትገረማላችሁ። ቫዮሊን አለ። ሳክስፎን አለ። ባንጆ አለ። የካንቶን ሙዚቀኞች የፈረንጅ መሣሪያ ከመውሰድ አፍረው አያውቁም። ሉ ዌንቸንግ የሚባለው ታላቅ ሙዚቀኛ በ1920ዎቹ ኤርሁ የሚባለውን በደጋን የሚጫወት ባለ ሁለት ክር መሣሪያ ወስዶ የሐር ክሩን በብረት ክር ተካው፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው። ጋኦሁ የሚባለው መሣሪያ እንዲህ ተወለደ። ዛሬ የካንቶን ሙዚቃ ያለ ጋኦሁ አይታሰብም። ዕድሜው ግን አንድ መቶ ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ከዚያ ፊልም መጣ። የኢኮኖሚው ድቀት መጣ። ጦርነት መጣ። ትልልቆቹ ቲያትሮች ተዳከሙ፤ ሥራው ወደ ክበቦች ወረደ። የቫንኩቨሩ ጂን ዋ ሲንግ የሙዚቃ ማኅበር በ1934 ተመሠረተ። ዘመኑን አስቡት። ካናዳ ከ1885 ጀምሮ ቻይናዊ ሲገባ የነፍስ ወከፍ ግብር ታስከፍል ነበር፤ ከ50 ዶላር ተነስቶ በ1903 500 ደረሰ። በ1923 ደግሞ በሩን ጭራሽ ዘጋችው፤ እስከ 1947። ቫንኩቨር የቀረው አብዛኛው ወንድ ሚስቱና ልጆቹ ባሕር ማዶ ናቸው። ቀን ልብስ ያጥባል፣ ወጥ ቤት ይሠራል። ማታ ክበብ ይሄዳል። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ክር ይገርፋል፣ አንዱ ሻይ ያፈላል። ክበቡ እድር ነው፣ ሻይ ቤት ነው፣ ትምህርት ቤት ነው። ቻይና በጃፓን ስትወረር ደግሞ እንደነዚህ ያሉ ክበቦች ኦፔራ እያሳዩ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። የማኅበሩ የድሮ የመድረክ አልባሳት ዛሬ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። በ1993 ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶላቸዋል።

እዚህ መሀል አንድ የማይታወቅ ታሪክ አለ። ድራም የሚመቱ ሰዎች እዚህ ቤት አሉ? ጥሩ። ፊት ለፊታችሁ የተደረደሩት ቶም የምትሏቸው ከበሮዎች መነሻቸው ቻይና ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ድራመሮች አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ብዙ ነገር የሚመታበትን ዝግጅት እየፈጠሩ ነበር። ዕቃውን ከየት አመጡት? ከቻይና ሱቅ። ቆዳው በምስማር የተመታ፣ ዘንዶ የተሳለበት ትንሽ ከበሮ። ባዶ የእንጨት ብሎክ። ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ሲምባል። የመጀመሪያዎቹ የጃዝ ድራም ስብስቦች ፎቶ ላይ ዘንዶውን በግልጽ ታዩታላችሁ። ምስማሩ ስላለ ከበሮውን መቃኘት አይቻልም ነበር። በ1930ዎቹ በሁለቱም በኩል የሚቃኝ ቶም ሲመጣ ዘንዶው ጠፋ። ሲምባሉ ግን እስከ ዛሬ «ቻይና» ተብሎ ይሸጣል። አዲስ አበባ የትኛውም የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ ባለሱቁ ያውቀዋል። የጃዝ መነሻ በሆነችው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ማንም የቻይናን ባህል ለመጠበቅ ብሎ አላሰበም። ድምፁ ሥራ ነበረው፣ ወሰዱት፣ አለቀ።

ወደ ኢንዶኔዥያ ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። ጃካርታና በአጠገቧ ያለችው ታንገራንግ ጋምባንግ ክሮሞንግ የሚባል ሙዚቃ አላቸው። ጋምባንግ የእንጨት ሰሌዳዎች የተደረደሩበት መሣሪያ ነው። ክሮሞንግ ደግሞ አሥር ትንንሽ የነሐስ ጎንጎች ናቸው። ሁለቱም የአካባቢው ናቸው። ከእነሱ ጋር ግን ሦስት ባለ ሁለት ክር መሣሪያዎች ይጫወታሉ፤ ኮንጋህያን፣ ተህያን፣ ሱኮንግ። ሦስቱም ከቻይና የመጡ ናቸው። የድምፅ ሣጥናቸው የኮኮናት ቅርፊት ነው። ይህ ከደቡብ ቻይና ጠረፍ ከመጡ ሰዎችና እዚያው አገር ከተወለዱ ልጆቻቸው የመጣ ሙዚቃ ነው። ሥራው ሰርግ ነው። ሙሽራው ቻይናዊም ሆነ የጃካርታ ተወላጅ ሙስሊም፣ ባንዱ ይጠራል።

ከዚያ 1967 መጣ። የሱሃርቶ መንግሥት በፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ቁጥር 14 የቻይና ሃይማኖትና ልማድ በአደባባይ እንዳይታይ አገደ። የዘንዶ ጭፈራ ቀረ። የአንበሳ ጭፈራ ቀረ። የቻይና አዲስ ዓመት ከቤት ውጭ አይከበርም። ጋምባንግ ክሮሞንግ ግን ቀጠለ። እንዴት? በዚያን ጊዜ የጃካርታ ተወላጆች፣ የቤታዊዎች ባህል ተደርጎ ስለሚታይ ነው። መሣሪያው የቻይና መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስሙ ግን የቤታዊ ነው። ማን ያግደዋል? ክልከላው የተነሳው በ2000 ነው፤ ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ ነው የሻረው። ለ33 ዓመት ያህል ተህያኑ በሰርግ ቤት እየተጫወተ ቆየ። እኔ ይህንን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ስለ ባለቤትነት ብዙ የሚከራከር ሰው ሲያጋጥመኝ የምጠቅሰው ይህንን ነው።

ተቃራኒውን ለማየት ናጋሳኪ ይበቃናል። የጃፓኗ ናጋሳኪ ለረጅም ዘመን የቻይና ነጋዴዎች የሚኖሩባት ወደብ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴዎቹ ሙዚቃ በጃፓናውያን ዘንድ ፋሽን ሆነ። በተለይ ክብ ሆዷ ጨረቃ የምትመስለው፣ ጃፓኖች ጌኪን የሚሏት መሣሪያ በየቤቱ ገባች። የኖታ መጽሐፍ ታተመ። ከዚያ በ1894 ጃፓንና ቻይና ተዋጉ። የጠላት ሙዚቃ ሆነ። ፋሽኑም ከሰመ። ዛሬ ናጋሳኪ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ናቸው እንደ ቅርስ የያዙት። ፋሽን ሥራ አይደለም፤ ሲያልፍ ያልፋል።

ሲንጋፖር ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም እዚያ ቻይናውያን አናሳ አይደሉም። ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ ገደማ ናቸው። ድሮ ግን «ቻይናዊ» የሚል አንድ ማኅበረሰብ አልነበረም። ቴኦቹ፣ ሆኪየን፣ ካንቶን፣ ሃካ ነው የሚባባሉት። ቋንቋቸው ይለያያል፣ ሙዚቃቸውም ይለያያል። የቴኦቹው ታው ዮንግ የሙዚቃ ማኅበር በ1931 ተቋቋመ። ሲዮንግ ሌንግ በ1941። ሲዮንግ ሌንግ ናንዪን የሚባለውን የፉጂየን (የደቡብ ምሥራቅ ቻይና ክፍለ ሀገር) ሙዚቃ ነው የሚጫወተው። ናንዪን ውስጥ ፒፓው እንደ ጊታር ወደ ጎን ተጋድሞ ነው የሚያዘው፤ በሌላው የቻይና ሙዚቃ ውስጥ ይህ አያያዝ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ሙዚቃው በጣም ዝግ ያለ ነው። ችኩል ሰው አይሰማውም። ዩኔስኮ በ2009 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

ከ1950ዎቹ ወዲህ ሌላ ነገር መጣ። ዘመናዊው የቻይና ኦርኬስትራ። ኤርሁው በረድፍ፣ ፒፓው በረድፍ፣ መሪ ከፊት፣ ኖታ በማቆሚያ ላይ። ቅርጹ የአውሮፓ ሲምፎኒ ነው፤ መሣሪያው የቻይና። በ1979 ደግሞ የሲንጋፖር መንግሥት ቻይናውያን ሁሉ ማንዳሪን የሚባለውን የቻይና ቋንቋ ይናገሩ ብሎ ዘመቻ ጀመረ። ሌሎቹ ቋንቋዎች ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጡ። የሲንጋፖር የቻይና ኦርኬስትራ በ1996 በባለሙያ ደረጃ ተቋቋመ። ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ኤርሁና ብዙ ክር ያለው፣ በጣት የሚመታው ጉዠንግ ይማራሉ፣ ይወዳደራሉ። ለመሣሪያዎቹ ትልቅ ሥራ ተገኘ። ጥሩ ደሞዝ፣ ጥሩ አዳራሽ። ይህን አልክድም።

ግን ዋጋ ተከፍሏል። የየቋንቋው የራሱ የክር መሣሪያ ነበረው። የቴኦቹው ስል ድምፅ፣ የኮኮናት ቅርፊቱ ወፍራም ድምፅ። ኦርኬስትራው ግን አንድ ዓይነት ኤርሁ ነው የሚፈልገው፤ ያለበለዚያ ረድፉ አይስማማም። እኔ ኦርኬስትራውን ስሰማ ቅልጥፍናው ያስደንቀኛል። ከዚያ ግን የአንድ ሰፈር ክበብ ውስጥ ትንሽ የወጣ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ስሰማ ልቤ ወደዚያ ይሄዳል። የጣዕም ጉዳይ ነው፤ አትጣሉኝ።

ከድልድዩ ማዶ ማሌዥያ ነች። ጆሆር ባህሩ ውስጥ በ1988 ሁለት ሰዎች፣ ሙዚቀኛው ታን ሁይ ሶንግና ገጣሚው ታን ቻይ ፑዋን፣ አዲስ ነገር ፈጠሩ። 24 ትልልቅ ከበሮዎች። የአንበሳ ጭፈራ የሚታጀብበት ዓይነት ከበሮ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የቻይና ገበሬ የሚጠቀምበት የዘመን መቁጠሪያ አንድ ወቅት በብሩሽ ተጽፏል። ልብ በሉ፤ ማሌዥያ ከምድር ወገብ አጠገብ ናት። በረዶ ዓይቶ የማያውቅ ተማሪ «ታላቅ በረዶ» የተባለውን ከበሮ ይመታል። ጊዜውም ቀላል አልነበረም። ከ1971 ጀምሮ የአገሪቱ የባህል ፖሊሲ ማዕከሉን የማላይ ባህል አድርጎ ነበር፤ ቻይናውያኑም «እኛስ?» ይሉ ነበር። ከበሮው መልስ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ ቡድን ተቋቋመ። በ2009 ማሌዥያ ራሷ ብሔራዊ ቅርስ አለችው። ከዚያም አልፎ ወደ ቻይና ተሻገረ፤ ዛሬ እዚያም ይመታሉ። የስደተኛ ልጅ የፈጠረውን አባት አገር ተማረው። ብዙ ጊዜ የምናስበው በተቃራኒው ነው።

አሁን ኒው ዮርክ። ማንሃተን ቻይናታውን ውስጥ ኮሎምበስ ፓርክ አለ። ቅዳሜና እሁድ ከሄዳችሁ አዛውንቶች ክብ ሠርተው ታገኛላችሁ። አንዱ ኤርሁ፣ አንዱ ያንግቺን፣ አንዲት እናት ማይክ ይዘው የካንቶን ኦፔራ ይዘፍናሉ። አጠገባቸው የቻይና ቼዝ ጨዋታ አለ፤ ክርክሩ ከዘፈኑ ይበልጣል። ማንም አይከፍላቸውም። ግን ሥራ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ከቤት የሚወጣበት ምክንያት ነው።

ከባቡር ጣቢያው በታች ደግሞ ሌላ ዓይነት ሙዚቀኛ ነበር። በቻይና የባህል አብዮት ዘመን ኮንሰርቫቶሪዎች (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች) ተዘግተው ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲከፈቱ አንድ ጎበዝ ትውልድ ወጣ። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ተሰደዱ። እዚያ ዲፕሎማቸውን የሚያውቅ የለም። በትልቅ ኦርኬስትራ ብቸኛ ተጫዋች የነበረ ሰው ምድር ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብሎ የሳጥኑን ክዳን ይከፍታል። የእኛም ሰው ይህን ሕይወት ያውቀዋል፤ እዚያ ታክሲ የሚነዳ ስንት ሐኪም አለ።

ሁሉም ግን እዚያ አልቀሩም። ዉ ማን የሃንግዡ ልጅ ናት፤ በ1963 ተወለደች። ቤጂንግ ፒፓ ተምራ በ1990 አሜሪካ ገባች። ለፒፓ የሚሆን ሥራ አልነበረም። ስለዚህ ራሷ ፈጠረችው። ክሮኖስ ከሚባለው የአራት ሰው የክር ቡድን ጋር ተጫወተች። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሉ ሃሪሰን ለፒፓና ለክር ኦርኬስትራ ኮንቼርቶ (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት) ጻፈላት። የቼሎ ተጫዋቹ ዮ-ዮ ማ የሐር መንገድ የሙዚቃ ስብስብ መሥራቾች ውስጥ አለች። በ2023 የአሜሪካን ብሔራዊ የባህል ቅርስ ሽልማት ተቀበለች። ኮሎምበስ ፓርክና ታዋቂው የሙዚቃ አዳራሽ ካርኔጊ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ በኑሮ ግን ሁለት ዓለም ናቸው። የፓርኩ አባት ኖታ ላያውቅ ይችላል፤ የኮንሰርቫቶሪ ምሩቁ ደግሞ የካንቶን ኦፔራ ላያውቅ ይችላል። ሁለቱም «የቻይና ሙዚቃ» ነው የሚባሉት።

ከጨረስኩ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዱ ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ነው። «ዋሽንግተን ላሉት ማሲንቆና በገና ምን ትላለህ?» አለኝ። ያው መልሱ ጥያቄ ነው፤ መቼ ነው የሚጫወቱት? በገና ዐቢይ ጾም አለው። ጾሙ እስካለ፣ ምእመኑም እስከጾመ ድረስ የሚፈልገው ሰው አይጠፋም። ማሲንቆ ደግሞ የአዝማሪ ነው። አዝማሪ ቆሞ ሰው የሚያሞግስበት፣ የሚተርብበት፣ ሽልማት ግንባሩ ላይ የሚለጠፍበት ቤት ይፈልጋል። ምግብ ቤቱ አርብ ማታ አዝማሪ ከጠራ ማሲንቆው አለ። በዲጄ ከተካው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጁ «ግድግዳ ላይማ አለ» ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

ሁለተኛዋ ልጅ ኤርሁ መግዛት ትፈልጋለች። ማሲንቆ አንድ ክር አለው፤ ኤርሁ ሁለት። የደጋኑ ፀጉር በሁለቱ ክሮች መካከል ያልፋል፤ ስለዚህ ደጋኑ ከመሣሪያው አይላቀቅም። የድምፅ ሣጥኑ የተለበጠው በዘንዶ፣ ማለትም በትልቁ እባብ፣ ቆዳ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ሕያው ነገር ይመስል አየሩን ይሰማል። በሲንጋፖር እርጥበት ይላላል። በቶሮንቶ ክረምት ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቀው ይወጠራል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ወረቀት አለ። ይህ ዘንዶ ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥ ስላለ መሣሪያው ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ከሌለ ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። ከ2017 እስከ 2019 ደግሞ የእንጨቱም ነገር ተጨምሮ ነበር፤ የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ ስለገቡ። በኋላ የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ተደረጉ።

የሆንግ ኮንግ የቻይና ኦርኬስትራ ይህ ሁሉ ሰለቸው። በ2005 በዘንዶ ቆዳ ፋንታ ፖሊስተር የተወጠረበት ኤርሁ መሥራት ጀመረ፤ ከ2009 ጀምሮ ኦርኬስትራው በሙሉ በዚህ ነው የሚጫወተው። ፖሊስተር ቶሮንቶም ሲንጋፖርም ያው ነው። ነባሮቹ «ነፍስ የለውም» ይላሉ። እኔ ለጀማሪ ይኸኛውን ነው የምመክረው። ጉዠንግ ብትጀምሪ ኖሮ 21ዱን ክር በእጅሽ ስትዳስሺው እንኳ ደስ የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር፤ የስደተኛ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚመርጡትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኤርሁ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው። በዚያን ጊዜ በዘንዶ ቆዳና በፖሊስተር መካከል ያለውን ልዩነት አንቺም አትሰሚውም፤ ለጎረቤት ደግሞ ሁለቱም ያው ናቸው።